ጄጁ ላይ ሬድ አሽ ከደሴቷ አይወጣም፣ እኛ ጋ ግን ኮረብታው እየተጫነ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ደቡብ ኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ደስ ይላል፣ ባህሩ፣ ሙሽሮቹ፣ መንደሪኑ፣ ሆቴሎቹ ሁሉም ተነስተዋል፤ ግን ጄጁን ጄጁ ያደረጋት ድንጋይዋ ነው፣ እሱ ደግሞ እሳተ ገሞራ የፈጠራት ደሴት ተብሎ በአንድ መስመር አለፈ። እኔ ለትምህርት ኮሪያ በነበርኩ ጊዜ ጄጁን ዞሬ አይቻታለሁ፣ አሁን ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ እና እዚያ ያየሁትንና እዚህ በየቀኑ የማየውን ሳስተያይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ስለ ድንጋዩ የጻፍኩትን ግን እባካችሁ አትንኩት።

ጄጁ ወደ 1,850 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ትሆናለች። መሃሏ ላይ ሃላሳን የሚባል 1,947 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ከ360 በላይ ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች ተበትነዋል፣ የአገሬው ሰው ኦሩም ይላቸዋል። አንዱ ጫፍ ላይ ወጥታችሁ ብታዩ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው እየተከታተለ ይታያችኋል፣ ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩዋቸውን ኮረብታዎች አስቡ፣ ልክ እንደዛ ነው። አፈጣጠራቸውም ያው ነው እኮ። ጋዝ የበዛበት ቅልጥ አለት ከመሬት ወደ ላይ ሲረጭ አየር ላይ እየቀዘቀዘ፣ ጋዙ ሲወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ እየሆነ፣ ቀላል ድንጋይ ሆኖ ይወርድና የወጣበት አፍ ዙሪያ ይከመራል። እኛ ሬድ አሽ የምንለው ማለት ነው፣ ለመንገድ የሚደለደለው፣ ለብሎኬት የሚገባው፣ ጊቢ ውስጥ የምንደፋው። ጄጁዎች ሶንጊ ይሉታል።

እና ዋናው ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር፣ ሶንጊ ከጄጁ ደሴት ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ አይወጣም። በሕግ የተከለከለ ነው። ሶንጊ ብቻ አይደለም፣ የተፈጥሮ ድንጋይም እንደዛው፣ ቅሪተ አካልም፣ የባህር ዳር የዛጎል አሸዋም፣ ሁሉም ጥበቃ የሚደረግላቸው ሀብቶች ተብለው ተመዝግበዋል። የወርቅ ወይም የአልማዝ ማዕድን እንዳይመስላችሁ፣ መንገድ ዳር የሚገኝ ጥቁርና ቀይ ድንጋይ ነው፣ ደሴቷ በሙሉ ከሱ የተሠራች ስለሆነች አንድ ሰው ትንሽ ቢወስድ ምን ይጎድላል ያሰኛል። እነሱ ግን እንደዛ አላሰቡም፣ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ከወሰደ፣ በተለይ ደግሞ ለጓሮ ማስዋቢያና ለአትክልት ስፍራ እያሉ በጭነት የሚወስዱ ከመጡ፣ አንድ ቀን ኦሩሙ እንደማይኖር ገብቷቸዋል። ዛፍ ቢቆረጥ መልሰን እንተክላለን፣ የተናደ የእሳተ ገሞራ ኮረብታን ግን መልሶ የሚሠራ ማንም የለም።

በእናንተ ጽሑፍ ላይ ጄጁ በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች ተብሏል፣ ትክክል ነው፣ የኮሪያ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ቅርስ ነው። የተመዘገበው ግን ደሴቷ በሙሉ ሳይሆን ሦስት ቦታ ነው፦ የሃላሳን ተራራ፣ ከባህር ዳር ቀጥ ብሎ የቆመው ሶንግሳን ኢልቹልቦንግ የሚባለው 182 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ፣ እና ጎሙን ኦሩም ከሚባለው ኮረብታ የወጣው ላቫ፣ ማለትም ቅልጥ አለት፣ የሠራቸው ዋሻዎች። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ሶንግሳን ላይ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ስለሚያምር። እኔን ግን ያስገረሙኝ ዋሻዎቹ ናቸው፣ ስለነሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ላቫ እንደ ወንዝ ሲፈስ ላዩ አየር ስለሚነካው ቶሎ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ስለሆነ መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ከላይ የሚመጣው ሲቆም ደግሞ የውስጡ ፈሶ ያልቅና ባዶ ቱቦ ይቀራል። ከነዚህ አንዱ ማንጃንግጉል ነው፣ ርዝመቱ 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግድግዳው ላይ ላቫው በየጊዜው የደረሰበት ከፍታ እንደ መስመር ተሰምሮ ይታያል፣ የጎርፍ ውሃ አጥር ላይ የሚተወውን ምልክት ይመስላል። ይሄን ዋሻ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ ቡ ጆንግህዩ ይባላል። በ1946፣ አገሪቷ ከጃፓን አገዛዝ በወጣች በዓመቱ፣ ጊምንዮንግ በሚባለው መንደር የሚያስተምራቸውን 30 ገደማ ሕፃናት ይዞ ገባ፣ ችቦ የሚይዝ፣ የሚለካ፣ የሚመዘግብ ብሎ ከፋፍሏቸው። የምርምር ተቋም አልነበረም፣ በጀት አልነበረም፣ አስተማሪና ልጆች ነበሩ። እነዚያ ልጆች ያደጉት ዋሻውን የራሳቸው ነው ብለው ነው፣ በ1962 መንግሥት የተፈጥሮ ሐውልት ብሎ ሲመዘግበው የመንደሩ ሰው ዋሻው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ እንደ አስተማሪ ይሄ ታሪክ በጣም ነው የሚነካኝ፣ ምክንያቱም የድንጋይ ቅርስ ጥበቃ ሲባል ሁሌ የምናስበው ከላይ የሚመጣ መመሪያ፣ አጥርና ታፔላ ነው፣ ጄጁ ላይ ግን ነገሩ የተጀመረው ከክፍል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር መዝጋት ማወቃቸው ነው። ከማንጃንግጉል 7.4 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለጎብኚ የተከፈተው 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ መጨረሻው ላይ 7.6 ሜትር ቁመት ያለው የላቫ ዓምድ አለ፣ እሱን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በ2023 መጨረሻ ላይ ደግሞ መግቢያው አካባቢ ድንጋይ ስለወደቀ ያቺኑ 1 ኪሎ ሜትርም ዘጉ። ብዙ ቲኬት የሚሸጥበት ቦታ እኮ ነው፣ ግን ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ተብሎ ተዘጋ።

ከሱ የባሰ ደግሞ ጭራሽ ማንም ቱሪስት ገብቶባቸው የማያውቁ ዋሻዎች አሉ። ዮንግቾን የሚባለው የተገኘው በ2005 ነው፣ የመብራት ምሰሶ ሊተክሉ መሬት ሲቆፍሩ ከስር ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳንግቾሙል የሚባለው ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ገበሬ ማሳውን ሲያስተካክል ነው የተገኘው። ሁለቱም ውስጣቸው የተለየ ነው፣ የላቫ ዋሻ ስለሆኑ ግድግዳቸው ጥቁር ነው፣ ከጣሪያው የሚንጠለጠለውና ከወለሉ የሚበቅለው ድንጋይ ግን ነጭ፣ የኖራ ድንጋይ ነው። የላቫ ዋሻ ውስጥ ኖራ ምን ይሠራል ትላላችሁ። ከዋሻዎቹ በላይ ንፋስ ከባህር ዳር እያመጣ የከመረው የዛጎል አሸዋ አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ያንን ዛጎል እያሟሟ በላቫው ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠብ ጠብ እያለ በብዙ ዘመን ያንን ነጭ ጌጥ ሠራ። እንግዲህ አስቡት፣ ዋሻውን ለመጠበቅ ዋሻውን መቆለፍ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ከላይ ያለው አሸዋ ከተነሳ፣ ማሳው ላይ ማዳበሪያና መድኃኒት ከበዛ፣ የዛፍ ሥር በስንጥቁ ከገባ፣ ከታች ያለው ይበላሻል። ለዚህ ነው በ2007 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሲመዘግባቸው በክልሉ ውስጥ ያለውን የግል መሬት ገዝታችሁ ጨርሱ፣ የእርሻውን ተጽዕኖ ተቆጣጠሩ፣ የጎብኚውን ብዛት በሥርዓት ያዙ ብሎ ያሳሰባቸው። መሬቱ እየተገዛ ነው የሄደው፣ በነጻ አልተነጠቀም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ለኔ። እነዚያን ሁለት ዋሻዎች እኔም አላየኋቸውም፣ የቅርስ ማዕከሉ ውስጥ በፎቶና በቪዲዮ ነው ያየሁት፣ እና ምንም ቅር አላለኝም።

ሰው የሚወጣባቸው ኮረብታዎች ላይም ቢሆን ጎብኚውን ይቆጥራሉ። ጎሙን ኦሩም ላይ ለመውጣት አስቀድሞ መመዝገብ አለባችሁ፣ በቀን 450 ሰው ብቻ ነው፣ ከጋይድ ጋር ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ኮረብታው ያርፋል። ሃላሳንን ወደ ጫፉ በሚያወጡት ሁለት መንገዶች ከ2021 ጀምሮ በቦታ ማስያዣ አድርገውታል፣ በአንዱ 1,000 በሌላው 500 ሰው በቀን። አንዳንድ ኦሩም ደግሞ የዕረፍት ዓመት ይሰጠዋል፣ ሰው ሲረግጠው ሳሩ አልቆ ቀዩ ድንጋይ እየተናደ ስለሚሄድ። ዮንግኑኒ የሚባለው በጣም የሚወደደው ኦሩም በ2021 ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ሳሩ እስኪመለስ ጠብቀው ነው የከፈቱት፣ ከ2008 ጀምሮ የተዘጉም አሉ።

ሁሉም ነገር ሰላም ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። 700 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ደሴት በዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ታስተናግዳለች፣ ቆሻሻው፣ የውሃ ፍጆታው፣ የመሬት ዋጋው ነዋሪውን አስጨንቆታል። በ2015 ሁለተኛ ኤርፖርት ሶንግሳን አካባቢ ሊሠራ ነው ከተባለ ጀምሮ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፣ ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ አንዱ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ነው። ላቫው መሬት ላይ የተዋቸው ስንጥቆችና ጉድጓዶች አሉ፣ መተንፈሻ ነው የሚሏቸው፣ የዝናብ ውሃ በነሱ ገብቶ ነው የከርሰ ምድር ውሃ የሚሆነው፣ ደሴቷም የምትጠጣው ያንኑ ነው። በኮንክሪት ከሞላችሁት ውሃውን ዘጋችሁት ይላሉ። እኔ ማን ትክክል ነው ብዬ የምፈርድ ሰው አይደለሁም፣ ግን ለአንድ ኤርፖርት ሲከራከሩ ገበሬው ሁሉ የላቫ ስንጥቅ እያነሳ የሚከራከርበት አገር መኖሩ ያስቀናኛል።

ጎሙን ኦሩም ስር ሶንሁል የሚባል መንደር አለ፣ እዚያ አጠገብ የዱር እንስሳት መዝናኛ ሊሠራ ታስቦ ነበር፣ አንበሳ ዝሆን ምናምን የሚታይበት። ነዋሪዎቹ እኛ የዓለም ቅርስ መንደር ነን፣ ይሄ እኛ ጋ አይሆንም ብለው ለዓመታት ተከራከሩ፣ እናቶች ናቸው በብዛት ከፊት የነበሩት፣ በ2021 የደሴቷ የልማት ገምጋሚ ኮሚቴ ፕሮጀክቱን ውድቅ አደረገው። ይሄ የሆነው መንደርተኛው የጂኦሎጂ ዲግሪ ስላለው አይደለም፣ ጎብኚውን የሚመራው ልጁ ስለሆነ፣ ምግብ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ስለዚያ ኮረብታ ስለሚማሩ ነው። ድንጋዩ ለነሱ ደግሞ የመከራ ጊዜ መደበቂያም ነበር፣ በ1948 በተነሳው ግጭት ጊዜ የመንደር ሰው ከወታደር ሸሽቶ የላቫ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ዳራንግሺ የሚባለው ዋሻ ውስጥ ያለቁ የ11 ሰዎች አስከሬን የተገኘው በ1992 ነው። ከ1945 በፊት ደግሞ ጃፓኖች በነዚያው ኮረብታዎችና ገደሎች ጎን ላይ ለጦርነት ብለው ዋሻ ፈልፍለዋል፣ ሶንግሳን ስር ዛሬም ይታያል። ማለቴ ለጄጁ ሰው ስለ ድንጋይ ስትነግሩት የሚሰማው የተፈጥሮ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ ልምጣ፣ ለምን ይሄን ሁሉ እንዳወራሁ ይገባችኋል።

የእኛ ከተማ ሐይቆች፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ወደ ላይ የወጣ ቅልጥ አለት ከውሃ ጋር ሲገናኝ በሚፈጠር ፍንዳታ የተከፈቱ ጉድጓዶች ናቸው። ጄጁ ላይም ሀኖን የሚባል እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ አለ፣ ውሃው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ሩዝ ሲዘሩበት ኖረዋል፣ አሁን ወደ ቀድሞው ይመለስ እያሉ ይመክራሉ። የእኛዎቹ ውሃቸው አለ፣ ሆራ ላይ ኢሬቻ ይከበራል፣ ሰው የሚወዳቸው ናቸው። ኮረብታዎቹ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እዚህ አካባቢ ለዓመታት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ድሮ ሙሉ የነበረው ኮረብታ ዛሬ ግማሹ የለም፣ ኤክስካቫተር ከጎኑ ይቆፍራል፣ ገልባጭ መኪና ተሰልፎ ይጭናል፣ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ያው ዕቃ ነው እኮ፣ ጄጁ ላይ ሶንጊ ተብሎ ከደሴት አይውጣ የተባለው።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። መንገድ መሠራት አለበት፣ ብሎኬት ያስፈልጋል፣ ካባ ላይ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ እኔ ያስተማርኳቸውም አሉበት፣ እንጀራቸው ነው። ቁፋሮው ሙሉ በሙሉ ይቁም ብል ውሸታም እሆናለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው፣ ሁሉም ኮረብታ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አፉ በደንብ የሚታይ፣ ቅርጹ ያልተነካ፣ ከሐይቆቹ ጋር ታሪኩ የተያያዘ የተወሰኑትን መርጠን ከአሁኑ እንተዋቸው፣ ሬድ አሹ ከተቆፈሩት ይውጣ። የተቆፈሩትም ቢሆኑ ጥቅም አላቸው፣ የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ደቃቁ፣ ትልልቁ እየተደራረበ ፍንዳታው እንዴት እንደሄደ በግልጽ ይነበባል። ጄጁ ላይ ሱወልቦንግ የሚባል የባህር ዳር ገደል አለ፣ ከ18 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፣ ማዕበሉ ጎኑን ስለበላው ንብርብሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ ከዓለም ዙሪያ ተማሪና ተመራማሪ እሱን ሊያነብ ይመጣል፣ የመንደሩ ሰው መንገድ ሠርቶ ያስጎበኛል። እኛ ጋ ያንን ማዕበሉ የሠራውን ሥራ ኤክስካቫተሩ ሠርቶታል፣ አንድ ሁለት ካባ ላይ ቁፋሮው ሲያበቃ እንዳይናድ ተስተካክሎ ለትምህርት ይቀመጥ ብንል ወጪው ስንት ነው? እነዚያው ማኅበር ውስጥ ያሉት ልጆች ጋይድ ሆነው ቢሠሩ ድንጋዩን ከነሱ በላይ የሚያውቀው የለም፣ የትኛው ንብርብር ጋ እንደሚከብድ፣ የትኛው ጋ እንደሚናድ በእጃቸው ያውቁታል።

ስለ ዳናኪል ብዙ ተጽፏል፣ በ2022 ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ 100 የጂኦሎጂ ቅርሶች ውስጥ ገብቷል፣ ኩራት ነው። በኅዳር 2025 ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም አመዱ የመን፣ ኦማንና ሕንድ ድረስ ሄዶ ዓለም ሁሉ ስለ አፋር አወራ፣ የአካባቢው አርብቶ አደር ግጦሹን አመድ ለብሶበት ነው የሰነበተው። ዳሎል ላይ ጎብኚው ያንን ቢጫና አረንጓዴ ጨው እየረገጠ ነው የሚሄደው፣ መረማመጃ የት ይሁን፣ የት አይረገጥ የሚለው ነገር ከጎብኚው ብዛት ቀድሞ መወሰን ያለበት ነው። ግን ዳናኪል ሩቅ ስለሆነ ትንሽ ይጠብቀዋል፣ የቢሾፍቱ ኮረብታዎች ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ናቸው፣ ግንባታው ሲጨምር መጀመሪያ የሚጫኑት እነሱ ናቸው።

ከአፍሪካ ሞሮኮና ታንዛኒያ በዩኔስኮ ጂኦፓርክ መረብ ውስጥ ገብተዋል፣ ጂኦፓርክ ማለት የድንጋይና የመሬት ቅርሱ እየተጠበቀ የሚጎበኝ አካባቢ ነው። ጄጁ በ2010 ነው የገባችው። እኛም እንግባ የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ማመልከቻው ተጽፎ እስኪያልቅ የሚመዘገበው ኮረብታ ካለቀ ምን ዋጋ አለው። ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የካባ ፈቃድ የሚሰጡትን፣ የቱሪዝም ቢሮውን፣ የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መምህራንን ጠይቁልን፣ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ካሉት ኮረብታዎች እስካሁን ያልተነኩት የትኞቹ ናቸው፣ ለስንቶቹስ ፈቃድ ተሰጥቷል፣ ይተዉ ተብሎ የተለየ አንድ እንኳ አለ ወይ? ጋዜጠኛ ከላካችሁ እኔ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይዤ አዞረዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይመጣሉ፣ ካርታውን እነሱ ጀምረውታል፣ ያልተነካውን በአረንጓዴ፣ እየተቆፈረ ያለውን በቀይ እያደረጉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ